ሂላል ያልከፈተው ካርቶን

ኒዝዋ፣ ሙሐረም 20

ለአጎቴ ለሳሊም ልጅ፣ ለእህቴ ለዙወይና

የአላህ ሰላምና እዝነት በአንቺ፣ በቤትሽና ባሕር ማዶ ባሉት ዘመዶቻችን ሁሉ ላይ ይውረድ። ዕድሜሽ ይርዘም፣ ደጅሽ እንግዳ አይጣ፣ አባትሽን አላህ ጀነት ያግባልሽ። እኛ ደህና ነን። እናቴ ጋኒያም ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ነው የሚያስቸግራት። ሱቁ በሰዓቱ ይከፈታል፣ በሰዓቱ ይዘጋል።

ስትደውዪ ስልኬ ስላልተነሳ እንዳትቀየሚኝ። ከበዓሉ ወዲህ ስልክ አላነሳም። ይህን ደብዳቤ በዘንጅባርና በእኛ መካከል የሚመላለሰው የቅርንፉድ ነጋዴ ማስዑድ ያደርስልሻል። መልስሽንም ለእሱ ስጪው፤ እጁ የታመነ ነው።

የወንድሜን የሂላልን ነገር ሰምተሻል። ሰው አሳምሮ ወይም አክፍቶ ሳይነግርሽ እኔ ልጻፈው። ዙልሒጃ አምስት ነበር። ከበዓሉ በፊት ባለው የሀብጣ ገበያ ፍየል የገዛ ሁሉ መጎተቻ ገመድ ይገዛል፤ በእነዚያ ጥቂት ቀናት የምሸጠውን ገመድ በስድስት ወር አልሸጠውም። ያን ቀን ገና በጠዋቱ አለቀብኝ። ወንድሜ ከተራራው ሥር ካለው መጋዘናችን ብርቱካንማውን የናይለን ገመድ በፒክአፕ ጭኖ ሲመጣ ተራራው ላይ ዘነበ፤ ሲዘንብ ብቻ ውሃ የሚወርድበት ደረቁ ዋዲ ሞላ፤ መኪናውን ወሰደው። የወሰደው አስፋልቱ መሻገሪያ ላይ ነው ይላሉ። ፈላጊዎች ከዚያ ጀምረው ቁልቁል እስከ ግድቡ ድረስ አሥራ አንድ ቀን ፈለጉ። የፒክአፑን የኋላ መዝጊያ አገኙ። ሂላልን አላገኙም።

ስለዚህ ለቅሶ አልተቀመጥንም። እናቴ «ሳይታጠብ፣ ሳይከፈን፣ ማንም አላህ ያጽናሽ እንዳይለኝ» ብላለች። ሊያጽናና የመጣውን ከደጅ ትመልሳለች። ሚስቱ ሸምሳ ሚስትም አይደለችም፣ መበለትም አይደለችም፤ ዳኛው ጠብቂ ብሏታል። ቤታችን ውስጥ የሚያለቅስ የለም። ሰው «እንዴት ነህ» ሲለኝ «ደህና» እላለሁ፤ ውሸት አይደለም።

ፍለጋው በቆመ በሳምንቱ ሸምሳ አንድ ካርቶን ተሸክማ ሱቅ መጣች። የዛሬ ሦስት ዓመት ከሂላል ጋር አንቺ ዘንድ በመጣን ጊዜ ድሮንሽን አይቶ ልቡ እንደጠፋ ታስታውሻለሽ። እንደተመለስን ገዛ። ግን ካርቶኑን እንኳ አልከፈተውም፤ «ጊዜ ሳገኝ» ይል ነበር። ሸምሳ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችውና «ዋዲውን በዚህ ፈልገው» ብላኝ ሄደች።

የማብረሪያውን ፈቃድ አውጥቻለሁ፤ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ዕድሜዬ አምሳ ሦስት ነው፤ በሕይወቴ ወደ ሰማይ የላክሁት ነገር የለም። ከየት ልጀምር? የምታውቂውን ሁሉ ምንም እንደማያውቅ ሰው ጻፊልኝ።

ወንድምሽ ዛህራን ቢን ኸልፋን


ዘንጅባር፣ የሰፈር ወር 2

ለተከበሩት ለአጎቴ ልጅ ለዛህራን

ሰላምዎ ከባሕሩ ይስፋ። አላህ እማ ጋኒያን በጤና ያቆይልን፣ ለሸምሳም ልብ ይስጣት። «አላህ ያጽናችሁ» ልጽፍ ብዕር አንስቼ እናትዎ የከለከሉትን አሰብኩና ተውኩት። እዚሁ ከንፈሬ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ስለ ድሮን ከጠየቁኝ፣ ከስህተቴ ልጀምር። የመጀመሪያዋ ድሮኔ ባሕር ውስጥ ናት፤ አሁን የሚያበርሯት ዓሦች ናቸው። ሁለተኛዋን ሂላል ራሱ ቅርንፉድ ዛፍ ላይ ሰቀላት። «ምን አደረግህ አንተ ሰውዬ!» ብዬ ስጮህበት «እኔ ቀጥ ብዬ ነው የሄድኩት፤ ዛፉ ነው የመጣብኝ» አለኝ። እንዲህ ያለ ተማሪ ነበረኝ። እርስዎ ከእሱ አይብሱም።

የግራ አውራ ጣትዎ ከፍና ዝቅ ያደርጋታል፣ አፍንጫዋንም ያዞራል። የቀኝ አውራ ጣትዎ ወደፊት፣ ወደኋላና ወደጎን ይወስዳታል። ሙሉ ሳምንት ጀርባዋን ለእርስዎ ሰጥታ ብቻ ትብረር። ፊቷን ወደ እርስዎ ስታዞር የእርስዎ ግራ የእሷ ቀኝ ይሆናል፤ ጀማሪ ሁሉ የሚሰብራት ያኔ ነው። ኮምፓሷን ብረት አጠገብ አያስተካክሉ። ባትሪው ሠላሳ በመቶ ሲቀረው ያውርዷት፤ «ትንሽ ልጨምር» የሚል ሰው ድሮን አይበረክትለትም። ምልክት ሲጠፋባት ራሷ ወደተነሳችበት ትመለሳለች፤ ግን በስንት ሜትር ከፍታ እንደምትመለስ አስቀድመው ይሙሉላት። መንገዷ ላይ ካለው ሁሉ ይብለጥ። እሷ ዛፍ አታይም፤ እንደ ሂላል ናት።

ሜዳ ፈልገው ይለማመዱ። ዋዲው ይቆይዎ።

ታናሽ እህትዎ ዙወይና


ኒዝዋ፣ ሰፈር 17

ለእህቴ ለዙወይና

ጣትሽ አይድከም፣ ዓይንሽ አይፍዘዝ፤ አላህ የእውቀትሽን ዋጋ ይክፈልሽ። ደብዳቤሽ በሁለት ቀን ደረሰኝ። እናቴ ሰላም ትልሻለች፤ ደህና ናት።

የቀን ማስታወሻ እንደምይዝ ታውቂያለሽ። ከዚያው እየገለበጥኩ ልጻፍልሽ፤ የጠየቅሽኝ ሁሉ እዚያ አለ።

ሰፈር 5። ክንፎቿን ገጥሜ አስነሳኋት። ከመሬት አንድ ክንድ ሳትርቅ ተገልብጣ ወደቀች። አንዱ ክንፍ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ እንደሚዞር አላወቅሁም። አቀያይሬ ገጥሜያቸው ነበር። ሁለት ተሰበረ።

ሰፈር 7። ስልኬን ስለማልከፍት ለድሮኗ ስክሪን እንዲሆን ብቻ ሌላ ስልክ ገዛሁ፤ ሲም ካርድ የለውም፤ ማንም አይደውልበትም። ኮምፓሷን ሱቅ በር ላይ፣ ከውሃ ፓምፖቹ አጠገብ አስተካከልኩ። ብረት አጠገብ እንዳይሆን ጽፈሽልኝ ነበር። ስትነሳ እንደ ወፍጮ አህያ ክብ እየሠራች ሄዳ ግድግዳ መታች።

ሰፈር 9። ከዓርብ በቀር ባዶ በሚሆነው የፍየል ጨረታ ቦታ ሄድኩ። ጎረቤቴ ማር ሻጩ ኸሚስ ከሱቁ ወንበር ይዞ መጥቶ ተቀመጠ። ስትነሳ እንደ ደላላ ጮኸ፦

«በራሪ ፍየል! ጥርሷን ያላየ አይግዛ! ስንት አላችሁ?»

«ዝም በል፣ ታሳስተኛለህ።»

«አንተን የሚያሳስት ገና አልተወለደም። ደግሞ ወደ ግራ በላት እንጂ! ወደ ግራ! ኧረ ሰውዬ፣ ወደ እኔ መጣች!»

ፊቷ ወደ እኛ ነበር። ግራ ብዬ ቀኝ ሄደች። ኸሚስ ከነወንበሩ ተገለበጠ። «ለዚህ ነው በነፃ የጋበዝከኝ» አለ፣ ቀሚሱን እያራገፈ። ያየ ሰው ሁሉ ሳቀ። መሳቃቸውን ጻፍኩ።

ሰፈር 14። ዋዲው በሚያልፍበት ጠባብ ገደል አፍ ላይ። መቶ ሜትር ያህል ገብታ ምልክቷ ጠፋ። ራሷ ለመመለስ ተነሳች። የመመለሻ ከፍታዋን ሃያ ሜትር ብዬ ነበር የሞላሁት፤ የዋዲው ዳር ቴምር ከዚያ ይረዝማል፤ አናቱ ላይ ተሰቀለች። አንድ ቴምር ቆራጭ ወጥቶ አወረዳት። «ይህቺ ገና አልበሰለችም» ብሎ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

ስምንት ክንፍና ሁለት ባትሪ ላኪልኝ። በዚህ ሙቀት ባትሪው ቶሎ ይግላል፣ አንዱ አብጧል። ሌላው ጥያቄዬ ይህ ነው። ከአስፋልቱ መሻገሪያ በላይ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ጠባብ ገደል አለ። ወደ ታች ስትወርድ የሳተላይት ምልክቷ ይጠፋል፤ ዝም ብላ ትንሸራተታለች። እንዴት ነው የምትያዘው? ፀሐይ እዚያ ገደል የምትገባው በቀትር፣ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። የቀረው ጊዜ ጥላ ነው።

ወንድምሽ ዛህራን


ዘንጅባር፣ ረቢዑል አወል 1

ለአጎቴ ልጅ ለዛህራን

አላህ እጅዎን ያበርታ፣ የኸሚስንም ወገብ ይጠግንለት። እዚህ ያሉት ዘመዶች ደብዳቤዎን አስነብበውኝ የበራሪዋን ፍየል ነገር ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ሲስቁ እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ እርስዎ ሲጽፉት እንዳልሳቁ ገባኝ።

ክንፎቹንና ባትሪዎቹን ማስዑድ ይዟል። ባትሪዎቹን ከማብረርዎ በፊት በጥላ፣ በእርጥብ ጨርቅ አጠገብ ያቆዩ፤ ጨርቁ ግን አይንካቸው። ያበጠውን አይጠቀሙበት።

ስለ ገደሉ ልንገርዎ። ሳተላይት ስትጠፋ ድሮን እንደ ሰከረ ሰው ናት፤ ቆሜያለሁ ብላ ትሄዳለች። ትልቅ መጋዘን ውስጥ፣ ጣሪያ ሥር ይለማመዱ፤ ሳተላይት በጣሪያ አያልፍም። ስትንሸራተት ትንሽ በትንሽ ይመልሷት፤ እንደ ሕፃን እጅ እንጂ እንደ በሬ አፍንጫ አይያዟት። ሲጨንቅዎ ወደጎን አይሽሹ፤ ወደ ላይ ብቻ። ሰማይ ላይ ድንጋይ የለም።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፣ ስለ ዋዲ ብዙ አላውቅም። ውሃ ግን ወደ ላይ አይፈስም። አስፋልቱ መሻገሪያ ላይ የተወሰደ ሰው ከመሻገሪያው በላይ ባለ ገደል ውስጥ ምን ይሠራል? ካርታውን ገልብጬ አይቼው ከሆነ ይሳቁብኝ።

ዙወይና


ዘንጅባር፣ ረቢዑል አወል 29

ለአጎቴ ልጅ ለዛህራን

ሰላም ለእርስዎና ለቤትዎ ይሁን። መልስ አልደረሰኝም። ማስዑድን «አላገኘኸውም?» አልኩት። «እጁ ላይ ነው ያስቀመጥኩት፤ ቆሞ አነበበው፤ አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ ከዚያ ባልዲ ለሚገዛ ሰው ባልዲ ሸጠ» አለኝ።

የጠየቅኩት ካስቀየመዎ ይቅር ይበሉኝ። የእማ ጋኒያን ጤና ብቻ ይጻፉልኝ። መሻገሪያውን ይተዉት።

ዙወይና


ኒዝዋ፣ ረቢዑል አኺር 21

ለእህቴ ለዙወይና

ሰላም ለአንቺ ይሁን። አላህ ከክፉ ይጠብቅሽ። አልተቀየምኩም፣ አልታመምኩምም። ካርታውንም አልገለበጥሽውም።

ያን ቀን ሂላል አስፋልቱ መሻገሪያ ደርሶ ነበር። ሃያ መኪና ውሃው እስኪጎድል ቆሟል። ደወለልኝ። የተነጋገርነውን የዚያን ዕለት ማታ ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ እንዳለ እገለብጥልሻለሁ።

«ዛህራን፣ ዋዲው ሞልቷል። ሰው ሁሉ ቆሟል።»

«ስንት ሰዓት ትቆያለህ?»

«አላህ ያውቃል። ምናልባት እስከ መግሪብ ሶላት።»

«እስከ መግሪብማ ገበያው ይበተናል። በላይኛው መንገድ ና። አንድ ፍየል ነጋዴ በዚያ ተሻግሮ መጥቷል፤ ውሃው ቁርጭምጭሚት ነው አለኝ።»

«እዚያ እኮ ውሃው ወደ ገደሉ የሚገባበት አፍ ነው። እርግጠኛ ነህ?»

«ሰው ተሰልፎብኛል ሂላል። ቶሎ ና።»

«እሺ ጌታው! ገመድህ መጣ።»

አስፋልቱን የሞላው ከጎን የሚገባው ትንሹ ዋዲ ነበር። የትልቁ ጎርፍ ገና አልደረሰም ነበር፤ የደረሰው ሂላል ላይኛው መሻገሪያ ሲገባ ነው። ነጋዴው የተሻገረው ከአንድ ሰዓት በፊት ነው። መቼ ተሻገርክ ብዬ አልጠየቅሁትም። አንድ ባልዲ እንኳ ሳልጠይቅ ገዝቼ አላውቅም።

በማግስቱ ፈላጊዎቹ ሲመጡ ሰዎች ቀድመውኝ «አስፋልቱ ላይ ቆሞ አይተነዋል» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ አይተውታል። ኃላፊው ወደ እኔ ዞሮ «አንተስ?» አለኝ። «እንዳሉህ ነው» አልኩ። ነገ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር። በነጋ ቁጥር «ትናንትስ ለምን አልተናገርክም» የሚለው ተጨመረበት። አሥራ አንዱን ቀን ከእነሱ ጋር እሱ በሌለበት ፈለግሁ። የመኪናው መዝጊያ ቁልቁል ወርዶ ሲገኝ ሁሉም እርግጠኛ ሆኑ።

ሸምሳ ካርቶኑን ስታመጣ ማብረር ከተማርኩ ማንም ሳያውቅ አገኘዋለሁ፣ ለእናቴ እመልስላታለሁ አልኩ። ዕቅዱ ይህ ነው። ስልክ የማላነሳውም በዚያ ጥሪ የተነሳ ነው። በሕይወት ካለ ሰው ይህን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ።

መጋዘን ውስጥ ተለማምጃለሁ፤ አሁን ስትንሸራተት እይዛታለሁ። ገደሉ ውስጥ ሰባት ጊዜ ገብቻለሁ። ከአራቱ ኪሎ ሜትር አንዱን አልጨረስኩም። ምን ላድርግ ብዬ አልጠይቅሽም። ሁለት ባትሪ ላኪልኝ።

ዛህራን


ዘንጅባር፣ ረቢዑል አኺር 27

ለአጎቴ ልጅ ለዛህራን

የአላህ ሰላም ከእርስዎ ጋር ይሁን፤ ዛሬ ከወትሮው ይበልጥ ይሁን።

ባትሪ አልላክሁም።

ልፈርድብዎ አልተቀመጥኩም፤ እኔ ታናሽ ነኝ፣ ሩቅም ነኝ። የማውቀውን ብቻ ልንገርዎ። አንድ ባትሪ ሃያ ደቂቃ ያያል። ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ባላት ገደል ውስጥ ብቻዎን እስከ መጪው ሀብጣ ይፈልጋሉ። አርባ ሰው በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ይንገሯቸው። መጀመሪያ ለእናትዎ።

ሲሄዱ ድሮኗን ይዘው ይሂዱ። ያን ቀን እጅዎ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል።

ዙወይና


ኒዝዋ፣ ጁማደል ኡላ 12

ለአጎቴ ለሳሊም ልጅ፣ ለእህቴ ለዙወይና

አላህ ያጽናሽ። ወንድምሽ ነበርና ላንቺም ይባላል። ከንፈርሽ ላይ ያስቀመጥሽውን አሁን ማውረድ ትችያለሽ። እናቴ ፈቅዳለች።

ጁማደል ኡላ 3 ነገርኳት። ግቢ ውስጥ ሎሚ ታሰጣ ነበር። ማስታወሻዬን ከፍቼ የስልኩን ንግግር እንዳለ አነበብኩላት። ሎሚዎቹን አንድ በአንድ ገለበጠቻቸው፤ የመጨረሻዋን እስክትገለብጥ ቆምኩ። ከዚያ «ጫማዬን አምጣ» አለች።

ለፈላጊዎቹ ኃላፊ ሄጄ ነገርኩት። ጻፈው፤ አስፈረመኝ፤ ሰው ላከ። ሸምሳ ከበሩ ጀርባ ሆና ሰማችኝ፤ በሩን ዘጋችው። ለኸሚስ ሱቁ በር ላይ ነገርኩት።

«አምስት ወር?» አለ።

«አዎ።»

«በየቀኑ ከእኔ ጋር ምሳ እየበላህ?»

«አዎ።»

ተነስቶ ሱቁን ቆለፈ። ወደ ቤቱ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። «ምን ትገትረኛለህ? ገመድ አውጣ» አለኝ። «ረጅሙን።»

በማግስቱ ሠላሳ ስድስት ሰው ወጣ። ከፊሉ በገደሉ ጫፍ፣ ከፊሉ ከታች ገባ። እኔ መሃል ላይ፣ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሆኜ የቀትሩ ፀሐይ ገደሉ ውስጥ እስክትደርስ ጠበቅሁ፤ ከዚያ አስነሳኋት። እናቴ አጠገቤ ቆማ ስክሪኑ እንዳያንጸባርቅ በሻሿ ጋረደችልኝ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለች።

«ድንጋይ ነው።»

«ይህስ?»

«ጥላ ነው፣ እናቴ።»

«ይህስ?»

ድሮኗን ዝቅ አደረግኋት። ብርቱካንማ ነበር። ጥቅሉ ተተርትሮ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየተጠመጠመ ሄዶ አንድ ኩሬ ውስጥ ይገባል። ፈላጊዎቹ ቀድመው መጥተው ቢሆን ኩሬው ሙሉ ነበር፤ አያዩትም ነበር ይላል ኸሚስ። ለእኔ ብሎ እንደሚለው አውቃለሁ። በአምስት ወር ውስጥ ውሃው ጎድሎ የመኪናው ጣሪያ ብቅ ብሏል።

ባትሪው ሠላሳ በመቶ አለ። እንዳስተማርሽኝ መለስኳት። ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ ቀጥ ብላ፣ እግሬ ሥር አረፈች። ከተማርኩ ወዲህ አንድም ነገር ሳልሰብር ያሳረፍኳት ያኔ ነው። ይህንንም ጽፌዋለሁ።

ሰዎቹ ከሱቄ ባወጣነው ገመድ ወረዱ። ሂላልን በዚያው ገመድ አወጣነው። በአስር ሰዓት ቀበርነው።

ዳኛው ሸምሳን አስጠርቶ ዒዳዋ፣ መበለት ቤት የምትቀመጥበት ጊዜ፣ ባሏ ከሞተበት ቀን ጀምሮ ስለሚቆጠር አራት ወር ከአሥሩ ቀን አልፏል አላት። ባሏ መሞቱ በተነገራት ቀን የመበለትነት ጊዜዋ ያለቀ ሆነ፤ አንድም ቀን ሳትቀመጥለት። «እሺ» ብላው ወጣች። እኔን እስካሁን አላናገረችኝም። ድሮኗን አጽድቼ፣ ክንፎቿን ነቅዬ፣ ካርቶኗ ውስጥ መልሼ በሯ ላይ አስቀመጥኩላት። ጠዋት ሳልፍ አልነበረም፤ አስገብታዋለች።

ለቅሶው ሦስት ቀን ሆነ። አገሩ ሁሉ መጣ። እናቴ ሁሉንም «አላህ ያጽናሽ» ተቀበለች፤ የአምስት ወሩን በአንድ ላይ። በሦስተኛው ቀን ሰው ከተበተነ በኋላ ምንጣፉን ስጠቀልል ጠራችኝ። ፊቷን ሳትመልስ እንዲህ አለችኝ፦

«አንተ ጠራኸው። አንተ መልሰህ አመጣኸው። ሁለቱንም ለአላህ እነግረዋለሁ።»

«እሺ» አልኳት። ምንጣፉን ጠቅልዬ ለጎረቤት መለስኩ።

ዙወይና፣ ከዚህ በኋላ ባትሪም ክንፍም አልጠይቅሽም። ስልኬን ዛሬ ጠዋት አብርቻለሁ። ብትደውዪ አነሳለሁ። ምን እንደምል ግን አላውቅም።

ወንድምሽ ዛህራን